ከአጥር ውጭ የተረጨው አረፋ፦ የአየር ማረፊያ እሳት አደጋ ቡድን በፔንታገን

ጥያቄውና የተመረጠው ጉዳይ

የአየር ማረፊያ እሳት አደጋ ቡድን ከአጥሩ ውጭ ለሚደርስ አደጋ ይወጣል ወይስ አይወጣም የሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል አይመለስም። አንዱ አየር ማረፊያ አጠገቡ ባለው አውራ ጎዳና ላይ ነዳጅ የጫነ ቦቴ ሲገለበጥ አረፋ የሚረጨውን ተሽከርካሪ ወዲያው ይልካል፤ ሌላው ደግሞ ጭሱ ከመቆጣጠሪያ ማማው ላይ እየታየ ተሽከርካሪዎቹን ከጣቢያቸው አያንቀሳቅስም። ከውጭ ለሚያይ ሰው የመጀመሪያው ደግ፣ ሁለተኛው ጨካኝ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚያው ቅጽበት ከመቶ በላይ ተሳፋሪ የያዘ አውሮፕላን ወደ ሁለተኛው አየር ማረፊያ ለማረፍ እየተቃረበ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመፍረድ በፊት ተሽከርካሪዎቹ ለምን እዚያ እንዲቆሙ እንደተደረገ ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህ የጉዳይ ጥናት ጥያቄውን የሚመረምረው በአንድ በሚገባ የተመዘገበ ክስተት ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የሬገን ዋሽንግተን ናሽናል አየር ማረፊያ የእሳት አደጋ ቡድን ከአጥሩ ወጥቶ በፔንታገን ሕንፃ ላይ የተነሣውን እሳት በመዋጋት የነበረው ድርሻ ነው። ስለዚያ ዕለት ብዙ ተጽፏል፤ ከአየር ማረፊያ እሳት አደጋ ሥራ አንጻር ግን ብዙም አልታየም። በጉዳዩ ውስጥ የነበሩ ሰዎች እዚህ በስም አይነሡም። ሰዓቱም ከንጋት ጀምሮ በሚቆጠረው አቆጣጠር ተቀምጧል።

ዳራ፦ ተሽከርካሪዎቹ የቆሙበት ዓላማ

የአየር ማረፊያ እሳት አደጋ ቡድን የተቋቋመበት ሥራ ጠባብና ግልጽ ነው። አውሮፕላን በመንደርደሪያው ላይ ወይም በአቅራቢያው በእሳት ሲያያዝ፣ ነበልባሉ የአውሮፕላኑን አካል ሰርስሮ ከመግባቱ በፊት ተሳፋሪዎች የሚያመልጡበት መንገድ እንዲኖር ማድረግ ነው። የመሣሪያው ዓይነት፣ የውኃው መጠንና የሠራተኛው ቁጥር ሁሉ የሚሰላው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በአጭሩ ኢካኦ፣ ስለ አየር ማረፊያዎች በሚደነግገው አባሪ 14 አየር ማረፊያዎችን እንደሚያስተናግዱት አውሮፕላን ርዝመትና የአካል ስፋት ከ1 እስከ 10 ባሉ ምድቦች ይከፍላቸዋል። በምድብ 7 የሚገኝ አየር ማረፊያ ደረጃ ‘ለ’ የሚባለውን የተለመደ የአረፋ ዓይነት የሚጠቀም ከሆነ 12,100 ሊትር ውኃና በደቂቃ 5,300 ሊትር የመርጨት አቅም ሊኖረው ይገባል። ሒሳቡ ሲሠራ ውኃው በሙሉ አቅም ከተረጨ ከሁለት ደቂቃ ተኩል ባነሰ ጊዜ ያልቃል ማለት ነው። ለከተማ እሳት አደጋ ባለሙያ ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ ለአየር ማረፊያ ባለሙያ ግን ሥራው በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ካልተሳካ በኋላ የሚመጣው ውኃ ተሳፋሪውን አይደርስለትም። የመድረሻ ጊዜውም በዚያው ልክ ጥብቅ ነው፦ ቡድኑ ከሦስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በአገልግሎት ላይ ካለ መንደርደሪያ ማንኛውም ነጥብ መድረስ አለበት። አሜሪካ በምትከተለው የፌዴራል አቪዬሽን ደንብ ክፍል 139 ደግሞ የመጀመሪያው ተሽከርካሪ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ከጣቢያው እጅግ በሚርቀው መንደርደሪያ መካከለኛ ነጥብ ላይ እንዲደርስ ይጠየቃል።

ደንቦቹ ከአጥር ውጭ ስላለው ዓለም የሚሉት ጥቂት ነው። አባሪ 14 የአደጋ ጊዜ መዳረሻ መንገዶች ከመንደርደሪያው ጫፍ እስከ 1,000 ሜትር ድረስ፣ ያ ባይሆን እንኳ ቢያንስ እስከ አየር ማረፊያው ወሰን ድረስ እንዲዘረጉ ይመክራል፤ ምክንያቱም አውሮፕላን ሲያርፍም ሆነ ሲነሣ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ አካባቢ ስለሆነ ነው። ከዚያ ያለፈውን አካባቢ የሚሸፍነው አየር ማረፊያው ከአካባቢው አስተዳደር ጋር በጋራ የሚያዘጋጀው የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ነው። በዚህም መሠረት የአየር ማረፊያ ቡድን ከአጥሩ ውጭ ለሚነሣ የቤት፣ የፋብሪካ ወይም የመኪና እሳት የመውጣት ዓለም አቀፍ ግዴታ የለበትም፤ እንዳይወጣ የሚከለክለው ደንብም የለም። ያለው ጥብቅ ግዴታ ሌላ ነው፦ ጥበቃው ከተመዘገበው ምድብ በታች ሲወርድ ለውጡ ለአየር ትራፊክ አገልግሎትና ለአየር መረጃ ክፍል ወዲያው መገለጽ አለበት፤ የሚገለጸውም አዲሱ ምድብ ስንት እንደሆነ በመጥቀስ ነው።

ዳራ፦ የቦታው ሁኔታና የቀደመው ልምድ

የሬገን አየር ማረፊያና ፔንታገን ሁለቱም በቨርጂንያ ግዛት በአርሊንግተን ካውንቲ የሚገኙ ጎረቤታሞች ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። አየር ማረፊያውን የሚያስተዳድረው የዋሽንግተን ሜትሮፖሊታን የአየር ማረፊያዎች ባለሥልጣን የራሱ የእሳት አደጋ መምሪያ አለው። ይኸው መምሪያ የደለስ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያንም ይጠብቃል። በካውንቲው ውስጥ በአጠቃላይ ለሚነሣ እሳት ኃላፊው ግን የአርሊንግተን ካውንቲ የእሳት አደጋ መምሪያ ነው።

አካባቢው ከዚያ በፊት በከባድ ዋጋ የተማረው ነገር ነበረው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 1982 የኤር ፍሎሪዳ በረራ ቁጥር 90 ከዚሁ አየር ማረፊያ በበረዶ ወቅት ከተነሣ በኋላ ከመንደርደሪያው ጫፍ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በማይሞላ ርቀት ላይ የ14ኛው ጎዳና ድልድይን ገጭቶ በረዶ በጋገረው የፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። 78 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም አራቱ በድልድዩ ላይ በመኪና ሲጓዙ የነበሩ ናቸው። ከአውሮፕላኑ በሕይወት የተረፉት አምስት ብቻ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የወጡት በሄሊኮፕተር ተጎትተው ነው። አውሮፕላን የአየር ማረፊያውን ወሰን ተሻግሮ ሲወድቅ ማን ያዝዛል፣ ማን በየትኛው የሬዲዮ መስመር ያወራል፣ የማን ተሽከርካሪ ከየት በኩል ይገባል የሚሉት ጥያቄዎች በዚያ ቀን አፍጥጠው ወጡ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ አስተዳደሮች የጋራ መረዳጃ ስምምነታቸውን አጠናከሩ፤ በአደጋ ሥፍራ ማን እንደሚያዝዝና ማን ለማን እንደሚታዘዝ የሚወስነውን የአደጋ ዕዝ ሥርዓትንም የጋራ መግባቢያቸው አደረጉት።

እ.ኤ.አ. በ2001 መኸር ደግሞ ብዙዎቹ የእሳት አደጋና የፖሊስ ተቋማት በሴፕቴምበር መጨረሻ በዋሽንግተን ሊካሄድ ለነበረው የዓለም ባንክና የዓለም የገንዘብ ድርጅት ዓመታዊ ስብሰባ በጋራ እየተዘጋጁ ነበር። ይህ ቀላል ዝርዝር አይደለም። በአደጋው ሥፍራ የተገናኙት የቡድን መሪዎች ቀድሞም የሚተዋወቁ፣ በስብሰባና በልምምድ የተያዩ ሰዎች ነበሩ።

አደጋው

ከጠዋቱ 3፡37 ላይ የአሜሪካን አየር መንገድ በረራ ቁጥር 77፣ ቦይንግ 757 አውሮፕላን፣ በጠላፊዎች እጅ ሆኖ የፔንታገንን ምዕራባዊ ገጽ መታ። አውሮፕላኑ በዚያን ጊዜ በግምት 5,300 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 20,000 ሊትር የሚጠጋ ነዳጅ ይዞ ነበር። ፔንታገን እርስ በርስ የተቃቀፉ አምስት የሕንፃ ቀለበቶች አሉት፤ ስብርባሪው ሦስቱን ውጫዊ ቀለበቶች በርቅሶ ወደ 95 ሜትር ያህል ዘልቆ ገባ። በሕንፃው ውስጥ 125 ሰዎች፣ በአውሮፕላኑ ውስጥ ደግሞ ጠላፊዎቹን ሳይጨምር 59 ሰዎች ሞቱ።

ከእሳት አደጋ ባለሙያ ዐይን ሲታይ አደጋው በአንድ ጊዜ ሁለት እሳት ነበር። ከውጭ በሕንፃው ገጽና በሣሩ ላይ የሚነደው የአውሮፕላን ነዳጅ አለ፤ ይህ በአረፋ የሚታፈን፣ ለአየር ማረፊያ ቡድን የዘወትር ልምምድ የሆነ እሳት ነው። ከውስጥ ደግሞ በፈረሱ ግድግዳዎችና በረጃጅም ኮሪደሮች መካከል የሚነድ የቢሮ ዕቃ፣ ወረቀትና የሕንፃ ቁሳቁስ አለ፤ ይህ በእጅ በሚያዝ የውኃ ቱቦና በመተንፈሻ መሣሪያ፣ ክፍል ለክፍል የሚዋጉት የከተማ እሳት ነው። በኋላ የተሳካውም ሆነ ያልተሳካው ነገር በአብዛኛው ከዚህ ልዩነት የመነጨ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። አውሮፕላኑ ሕንፃውን ሲመታ ለሄሊኮፕተር ማረፊያ ጥበቃ የተመደበ አንድ የአረፋ ተሽከርካሪ ከሦስት ሠራተኞቹ ጋር እዚያው ምዕራባዊ ገጽ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። ተሽከርካሪው በአቅራቢያው ካለው የፎርት ማየር ጦር ሰፈር የመጣ ነው። በዕለቱ ፕሬዚዳንቱ ከጉዞ ሲመለሱ በሄሊኮፕተር በዚያ ያርፋሉ ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ውጭ የነበሩት ሠራተኞች አውሮፕላኑ ወደ እነሱ ሲመጣ አይተው በመሸሽ ተረፉ። ከመካከላቸው አንዱ ወዲያው ተመልሶ ወደ ተሽከርካሪው ገባ፤ ሞተሩ ተነሣ፣ ተሽከርካሪው ግን አልንቀሳቀስ አለ፤ የኋላው ክፍል እየነደደ ነበር። ሰውየው በተሽከርካሪው ሬዲዮ የአደጋውን ዜና ካስተላለፈ በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ከምድር ቤቱ መስኮቶች ሰዎችን ማውጣት ጀመረ። ለዚህ ዓይነት እሳት የተሠራው መሣሪያ፣ በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው ሰዓት ቆሞ ሳለ አንድ ሊትር አረፋ ሳይረጭ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ጥበቃው ሁለተኛ ረድፍ ባይኖረው ኖሮ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያለ አረፋ ባለፉ ነበር። ሁለተኛው ረድፍ የመጣው ከአየር ማረፊያው ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የአርሊንግተን ካውንቲ የእሳት አደጋ መምሪያ አውሮፕላኑ ሕንፃውን ከመታ በአራት ደቂቃ ውስጥ፣ ማለትም 3፡41 ላይ፣ በሥፍራው ዕዙን አቋቁሞ ነበር። ሕንፃው የመከላከያ ሚኒስቴሩ ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ ድርጊቱ የሽብር ወንጀል ስለሆነ የፌዴራል ምርመራ ቢሮው ያገባዋል፤ የወደቀው አውሮፕላን ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ የእሳቱ አዛዥ የአካባቢው እሳት አደጋ መምሪያ መሆኑ ጥያቄ አላስነሣም። ከአየር ማረፊያው የመጡት ተሽከርካሪዎችም የተሰለፉት በዚሁ ዕዝ ሥር ነው።

የአየር ማረፊያው ቡድን በጋራ መረዳጃ ስምምነቱ መሠረት የአረፋ ተሽከርካሪዎችን ጨምሮ ሰውና መሣሪያ ላከ። ትልልቆቹ ተሽከርካሪዎች በሕንፃው ምዕራባዊ ገጽ ፊት ባለው ሜዳ ላይ ሆነው በጣሪያቸው ላይ ባለው ውኃ መድፍ አረፋ ረጩ፤ በውጭ የነበረውም የነዳጅ ነበልባል በደቂቃዎች ውስጥ ጉልበቱ ተሰበረ። ይህም የካውንቲው ቡድኖች ወደ ሕንፃው ተጠግተው ሰው ለመፈለግና የውስጡን እሳት ለመዋጋት የሚያስችል ክፍተት ፈጠረላቸው።

3፡55 ላይ የሥፍራው አዛዥ የተመታው የሕንፃ ክፍል ሊደረመስ እንደተቃረበ በማየቱ ሁሉም ከአካባቢው እንዲወጡ አዘዘ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ያ ክፍል ተደረመሰ፤ ከእሳት አደጋ ሠራተኞች አንድም ሰው አልተጎዳም። ከተለያየ ተቋም፣ ከተለያየ አለቃ፣ ከተለያየ ሬዲዮ የመጡ ሰዎች አንድን ትእዛዝ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሰምተው ፈጸሙ ማለት ነው። በእኔ ግምት በዚያ ጠዋት ከታየው የአረፋ ሥራ ሁሉ ይልቅ የዕዝ አንድነትን ዋጋ የሚያሳየው ይህ ነው።

የሠራው

በመጀመሪያ፣ መሣሪያው ለእሳቱ ተስማሚ ነበር። የከተማ እሳት አደጋ መኪና ሠራተኛው ወርዶ ቱቦ እስኪዘረጋና ከውኃ መስመር እስኪያገናኝ ድረስ ጊዜ ይወስዳል። የአየር ማረፊያው ተሽከርካሪ ውኃውንና አረፋውን ይዞ ይመጣል፤ አንድ ሰው ከመሪው ክፍል ሳይወርድ መድፉን ሊያዝ ይችላል፤ እየሄደም ይረጫል። ብዙ ነዳጅ በሰፊ ቦታ ላይ ሲነድ ይህን የሚተካ ነገር በከተማ ጣቢያዎች ውስጥ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ስምምነቱ ቀድሞ ስለነበረ በዚያ ጠዋት የተነሣው ጥያቄ ምን ይዘን እንሂድ የሚለው ብቻ ነበር። ጥቃቱን እንዲመረምር በአሜሪካ የተቋቋመው የሴፕቴምበር 11 ኮሚሽን የፔንታገን ምላሽ የተሳካባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር በአካባቢው የእሳት አደጋና የፖሊስ ሰዎች መካከል አስቀድሞ የተገነባውን መተማመን፣ የአደጋ ዕዝ ሥርዓትን መቀበላቸውንና አደጋን እንደ አንድ ክልል የመመልከት ልማዳቸውን ጠቅሷል። ኮሚሽኑ ቦታው ለሥራ የተመቸ እንደነበርም አልሸሸገም፤ ሕንፃው ለብቻው የቆመ፣ በዙሪያው ሰፊ ሜዳ ያለው፣ በቀላሉ የሚከለል ነበር። ሠላሳ ቶን የሚደርስ ተሽከርካሪ በጠባብ የመኖሪያ ሰፈር ውስጥ እንዲህ እንደልቡ አይቆምም።

ያልሠራው

የአየር ማረፊያው መድፍ የሚደርሰው ከውጭ እስከሚታየው ገጽ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀለበት ውስጥ፣ እሳቱ ከአረፋው ተሰውሮ ነደደ። ጣሪያው ላይ የተነሣው እሳትም በድንጋይ ንጣፍ ሥር ባለው እንጨት ውስጥ እየተሳበ እስከ ማግሥቱ ድረስ አስቸገረ። እዚያ ያለው ሥራ የመሰላል፣ የመቁረጫና የትዕግሥት ሥራ ነው። የአረፋ ተሽከርካሪ ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ እዚያ መቆሙ ብዙም የሚጨምረው ነገር አልነበረም።

ግንኙነቱ ክፉኛ ተጨናንቆ ነበር። የሬዲዮ መስመሮች ሞልተው ማንም ማንንም መስማት አቃተው፤ የእጅ ስልክ የሚረባ አልነበረም፤ ከሁሉ የተሻለ ሆኖ የተገኘው ፔጀር የሚባለው የኪስ መልእክት መቀበያ ቢሆንም አብዛኞቹ እሳት አደጋ ሠራተኞች አልነበራቸውም። ሳይጠሩ በራሳቸው ተነሥተው የመጡ ቡድኖችና ግለሰቦችም በኋላ በተደረገው ግምገማ ብርቱ ወቀሳ ደርሶባቸዋል፤ አዛዡ በሥፍራው ስንት ሰው እንዳለ ካላወቀ፣ ሕንፃው ሲደረመስ ማን እንደቀረ ሊያውቅ አይችልም። ከአጥሩ ሊወጣ የሚፈልግ የአየር ማረፊያ ቡድን ይህን ወቀሳ ለራሱ የተጻፈ አድርጎ ቢያነበው መልካም ነው። በደግ ልብ ተነሥቶ መሄድና ተጠርቶ መሄድ በአደጋ ሥፍራ ላይ አንድ አይደሉም።

ሥራው ሌላ አውሮፕላን እየመጣ ነው በሚል ማስጠንቀቂያ ሦስት ጊዜ ተቋርጧል፤ የመጀመሪያው 4፡15 ላይ ነበር። ትእዛዙ በሥርዓት ተላልፎ በሥርዓት ተፈጽሟል፤ እሳቱ ግን ሰው ሲሸሽለት ጊዜ አግኝቷል።

በዚያ ቀን ሳይፈተን ያለፈው ጥያቄ

የዚህ ጉዳይ ትልቁ ጉድለት እንደ ምሳሌ ሲወሰድ የሚታይ ነው። ከአጥር መውጣትን የሚቃወም ሰው የሚያነሣው ዋና መከራከሪያ ተሽከርካሪዎቹ ሲወጡ አየር ማረፊያው ያለ ጥበቃ ይቀራል የሚል ነው። በዚያ ጠዋት ይህ መከራከሪያ በራሱ ጊዜ ወደቀ። የአሜሪካ የአቪዬሽን አስተዳደር ፔንታገን በተመታ በደቂቃዎች ውስጥ በአየር ላይ ያሉ አውሮፕላኖች ሁሉ በአቅራቢያቸው እንዲያርፉ አዘዘ፤ የሬገን አየር ማረፊያ ተዘጋ፤ ዳግመኛ የተከፈተውም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን ነው። የሚያርፍም የሚነሣም አውሮፕላን ስለሌለ የጣቢያው መጉደል በማንም ተሳፋሪ ላይ አደጋ አልጋረጠም። ይህን ጉዳይ ይዞ «አየር ማረፊያዎች ሁልጊዜ ሊወጡ ይችላሉ» ብሎ የሚከራከር ሰው እንግዲህ ግማሹን ታሪክ ብቻ ነው የያዘው።

በተራ ቀን ምን ይሆን ነበር? ሁለት ተሽከርካሪ ያለው የምድብ 7 አየር ማረፊያ እናስብ። አንዱን ወደ ውጭ ቢልክ፣ የቀረው የቱንም ያህል ውኃ ቢይዝ፣ በኢካኦ ሰንጠረዥ መሠረት አንድ ተሽከርካሪ የሚበቃው እስከ ምድብ 5 ድረስ ብቻ ነው። ምድብ 5 የሚያስተናግደው ርዝመታቸው 28 ሜትር የማይሞላ አውሮፕላኖችን ሲሆን፣ ኤርባስ 320 በምድብ 6፣ ቦይንግ 737-800 ደግሞ በምድብ 7 ይገኛሉ። ስለዚህ አንድ ተሽከርካሪ ከበሩ ሲወጣ ጣቢያው በአንድ ጊዜ ሁለት ምድብ ይወርዳል፤ ማማው ሊነገረው፣ ለአብራሪዎችም ኖታም የሚባለው ማሳሰቢያ ሊወጣ፣ በጉዞ ላይ ያሉትም በአየር ላይ ይቆዩ ወይስ ወደ ሌላ ቦታ ይዙሩ የሚለው ሊወሰን ይገባል። ሦስተኛ፣ ከምድቡ ግዴታ በላይ የሆነ ተሽከርካሪ ያለው ጣቢያ ግን ያንን ቢልክ ምድቡ አይነካም። ብዙ ጊዜ አየር ማረፊያዎች በመውጣትና ባለመውጣት የሚለያዩት በዚህች አንዲት ትርፍ ተሽከርካሪና በነጂዋ ነው፤ ነጂዋን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሠራተኛ ያልተመደበለት ትርፍ ተሽከርካሪ በስሌት ውስጥ አይገባም።

ሕጉ ለከባድ ሁኔታ በር ክፍት ትቷል። በአሜሪካው ክፍል 139 መሠረት የአየር ማረፊያው ባለፈቃድ ሕይወትንና ንብረትን ለማዳን አፋጣኝ እርምጃ የሚጠይቅ አደጋ ሲገጥመው፣ አደጋው በሚጠይቀው ልክ ከአሠራር ደንቦቹ ሊወጣ ይችላል፤ ነገር ግን ምን እንደተደረገ፣ እስከ ምን ድረስና ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ በ14 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ድንጋጌው ለተረኛው ኃላፊ ድፍረት ይሰጠዋል፤ ማማውን ሳያሳውቅ እንዲወጣ ግን አይፈቅድለትም።

ወደ ሌላ ቦታ ሊወሰዱ የሚችሉ ትምህርቶች

ውሳኔው ደወሉ ከመደወሉ በፊት መወሰድ አለበት። ስምምነቱ የትኛው ተሽከርካሪ ሊወጣ እንደሚችል በቁጥሩ፣ የትኛው በምንም ምክንያት እንደማይወጣ፣ በየትኛው የበረራ ሰዓት ምን እንደሚፈቀድና የሚፈቅደው ተረኛ ማን እንደሆነ መጻፍ አለበት። «እንደ ሁኔታው ይታያል» የሚል አንቀጽ ሌሊት ላይ ለሚደወልለት ተረኛ ምንም አይጠቅመውም። ጥያቄው የሚመጣውም በአንድ መስመር፣ ከአደጋው ባለቤት የጥሪ ማዕከል መሆን አለበት።

የሚላከው ነገር ከእሳቱ ዓይነት ጋር መዛመድ አለበት። የነዳጅ ቦቴ፣ የነዳጅ ማከማቻ፣ ከአጥር ውጭ የወደቀ አውሮፕላን ለአረፋ ተሽከርካሪ የሚገቡ ጥሪዎች ናቸው። የመኖሪያ ቤት እሳት ግን አይደለም፤ ለዚያ አየር ማረፊያው የሚያበረክተው ካለ ሰው፣ የመተንፈሻ መሣሪያና አምቡላንስ ነው። በፔንታገን እንደታየው አረፋው ሥራውን የሚጨርሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስለሆነ፣ የውጭው ነበልባል ሲወድቅ ተሽከርካሪው ተሞልቶ ወደ ጣቢያው የሚመለስበት ጊዜ አብሮ መወሰን ይኖርበታል። ተመለሰ ማለትም ተዘጋጀ ማለት አይደለም፤ ውኃው፣ የአረፋ ክምችቱ፣ ጎማውና የሠራተኛው ድካም እስኪታይ ድረስ ምድቡ ወደ ነበረበት አይመለስም።

መንገዱን አስቀድሞ መንዳት ያስፈልጋል። እነዚህ ተሽከርካሪዎች የተሠሩት ለሰፊና ደልዳላ ሜዳ ነው፤ ብዙዎቹ ከሦስት ሜትር ያላነሰ ስፋት አላቸው፤ ውኃው በከፍታ ላይ ስለሚጫን በአደባባይና በሹል ኩርባ ላይ በፍጥነት ሲነዱ ይገለበጣሉ። የትኛው ድልድይ ክብደታቸውን እንደሚችል፣ የትኛው መተላለፊያ ከፍታቸውን እንደሚያሳልፍ በካርታ ላይ ምልክት ተደርጎ በመሪው ክፍል ውስጥ ሊቀመጥ ይገባል።

ስለ አረፋው ራሱ በ2001 ብዙም ያልታሰበ ነገር ዛሬ መታሰብ አለበት። በዚያን ዘመን በስፋት ይሠራበት የነበረው አረፋ ፍሎሪን ያለባቸውንና በአፈርና በውኃ ውስጥ ሳይፈርሱ የሚቆዩ ኬሚካሎችን የያዘ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሕግ አየር ማረፊያዎች ይህንን አረፋ እንዲጠቀሙ መገደዳቸው እንዲቀር አዝዟል፤ ፍሎሪን ለሌለበት አረፋ የሚሆነው ወታደራዊ መስፈርትም በጃንዋሪ 2023 ወጥቷል። በአየር ማረፊያ ግቢ ውስጥ የፍሳሽ መቆጣጠሪያ ሊኖር ይችላል፤ በሕዝብ መንገድ ላይ የሚረጨው ግን በቀጥታ ወደ ከተማው ቦይ ይገባል። ማን እንደሚያጸዳና ማን እንደሚከፍል ስምምነቱ ዝም ካለ፣ ክርክሩ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ይመጣል።

የልምምዱ አቅጣጫም መታረም ያለበት ይመስለኛል። ኢካኦ ሙሉ የአደጋ ጊዜ ልምምድ ከሁለት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ልዩነት እንዲካሄድ ይጠይቃል፤ በአሜሪካ ደግሞ በየሦስት ዓመቱ ነው። እነዚህ ልምምዶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚለማመዱት የከተማው ቡድን ወደ አየር ማረፊያው ሲገባ ነው፤ በሩ የት ነው፣ ማን ያጅባል፣ መንደርደሪያውን እንዴት ይሻገራል። ከሁለት አንዱን ጊዜ ተገላቢጦሹን መለማመድ ይቻላል፦ ከአጥሩ ውጭ የነዳጅ እሳት ተነሥቷል ይባል፤ ጥሪው ከከተማው ማዕከል ይምጣ፤ በዚያው ጊዜ አንድ የምድብ 7 አውሮፕላን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ወደ አየር ማረፊያው እየመጣ ነው ይባል፤ ከዚያም ተረኛው ኃላፊ የትኛውን ተሽከርካሪ እንደላከ፣ ለማማው በስንተኛው ደቂቃ እንደነገረ፣ አውሮፕላኑ በስንት ምድብ እንዳረፈና የወጣው ተሽከርካሪ መቼ ተሞልቶ እንደተመለሰ በሰዓት ይመዝገብ።